በሰሜን ኢጣሊያ ሐይቆች ዳርቻ ያሉ ጥንታዊ ስፍራዎች

በአልፕስ ተራሮች ግርጌ የተኙት የሰሜን ኢጣሊያ ሐይቆች ዳርቻ ከሮማውያን በፊትም ሰው የሰፈረበት ነው። ከጋርዳ ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ ተራራው ላይ ያለው አነስተኛው የሌድሮ ሐይቅ ይህንን በግልጽ ያሳያል። በ1929 እ.ኤ.አ. ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲባል ውኃው ዝቅ ሲደረግ ከ10,000 በላይ የእንጨት ምሰሶዎች ከጭቃው ብቅ አሉ። የነሐስ ዘመን ሰዎች ቤታቸውን ያቆሙባቸው ነበሩ። አየር የማይዘልቀው ጭቃ እንጨቱን ብቻ ሳይሆን ጨርቅና እህል እንኳ ሳይበሰብስ አቆይቷል። ዛሬ በቦታው ሙዚየምና በጥንቱ አሠራር ዳግም የተሠሩ ጎጆዎች ይታያሉ።

በጋርዳ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በሲርሚዮኔ ልሳነ ምድር ጫፍ፣ 167 በ105 ሜትር የሚሰፋ የሮማውያን ቪላ ፍርስራሽ አለ። በገጣሚው ካቱሉስ ስም ይጠራ እንጂ የተገነባው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። በአቅራቢያው በዴዜንዛኖ በ1921 እ.ኤ.አ. የተገኘው ሌላ ቪላ ደግሞ በፍርስራሽነቱ ሳይሆን በሞዛይክ ወለሉ ይደነቃል፤ ጊዜ ያጠረው ጎብኚ ይህንን ባያልፈው ይሻላል።

ከኢዜኦ ሐይቅ በስተ ሰሜን በሚገኘው የካሞኒካ ሸለቆ፣ በዓለት ላይ የተቀረጹ አጋዘኖች፣ ተዋጊዎችና የእርሻ ሥዕሎች አሉ። ሸለቆው በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የመጀመሪያው የኢጣሊያ ስፍራ ነው።