ስክሪኑ ከሳሎን ወደ ብርድ ልብስ ሥር እንዴት ገባ?

 

ቀራንዮ አካባቢ በምሠራበት ክሊኒክ ልጅ ይዘው ከሚመጡ ወላጆች በብዛት የምጠየቀው ‹‹ዶክተር፣ በቀን ስንት ሰዓት ስልክ ልፍቀድለት?›› የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ባነሰ ቁጥርም ይሻላል ይላል።

ነገር ግን ከሰዓቱ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ልጁ ስክሪኑን የሚያየው የት ሆኖ ነው? አጠገቡስ ማን አለ? ይህ ለምን እንደሚቀድም ለማስረዳት ዛሬ ከሕክምናው ትንሽ ወጣ ብዬ ታሪክ ላውጋችሁ። አብዛኛውን ራሳችሁ የኖራችሁት ስለሆነ እንግዳ አይሆንባችሁም።

አንድ ስክሪን ለአንድ ሰፈር

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም ነው። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በአንድ ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። ልጆች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ጎረቤት ሳሎን ወለሉ ላይ ይደረደራሉ። ከኋላቸው ትልልቆቹ ይቀመጣሉ፤ ቡና ይፈላል፤ ወሬ ይወራል። ለልጅ የማይሆን ነገር ብቅ ካለ አንዱ ‹‹ፊታችሁን አዙሩ!›› ይላል፣ ካልሆነም ተነስቶ ይዘጋዋል። የማን ልጅ እንደሆነ አይጠየቅም፤ የሰፈር ልጅ ነው።

በዚያ ስክሪን ላይ ለልጆች የሚመጡትም ሁሉም የሚያውቃቸው ሰው ነበሩ። አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሣህሉ፣ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነግረዋል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም ሲያርፉ አያቶችም፣ እናቶችም፣ ልጆችም አብረው አዘኑ፤ በእሳቸው ተረት ያላደገ ጥቂት ነበርና።

ያ ዘመን እንከን የለሽ ነበር ማለቴ አይደለም። ያኔም ልጆች ይጎዱ ነበር፤ ‹‹ዝም በል፣ አታሰድበን›› ተብሎ የተዳፈነው ብዙ ነው። ስለ ስክሪኑ ብቻ ካየን ግን ልጁን የሚጠብቁት ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛ፣ የሚያናግረው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ልጁ የሚያየውን ትልቅ ሰውም አብሮት ያያል። እነዚህን ሁለቱን ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ አንድ በአንድ የጠፉበት ታሪክ ነው።

ቪዲዮ ቤት

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በየመንደሩ ቪዲዮ ቤቶች ተከፈቱ። በሩ ላይ መጋረጃ፣ ውስጡ አግዳሚ ወንበር፣ መግቢያው ሳንቲም። ቀን ቀን የሕንድ ፊልምና ቫንዳም ይታያል። በአንዳንዶቹ ግን ልጆች ፈጽሞ ማየት የሌለባቸው ፊልሞች ይታዩ ነበር። ወላጆችና ትምህርት ቤቶች ብዙ ጮኹ፤ ፖሊስም በየጊዜው እየፈተሸ ዘጋ።

ልብ በሉ፣ ማጫወቻው ጎረቤት ሳሎን ካለው የተለየ አልነበረም። የተለየው ክፍሉ ነው። ጨለማ ነው፤ ለልጁ ኃላፊነት የሚሰማው ትልቅ ሰው የለበትም፤ ባለቤቱም የሚያተርፈው ብዙ ሰው ለረጅም ሰዓት ሲቀመጥለት ነው። እንዲያም ሆኖ አንድ ነገር ቀርቶልን ነበር። እናት ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሄዳ ልጇን በጆሮው ይዛ ማውጣት ትችላለች። በሩ የት እንዳለ ታውቀዋለች።

ውድነቱም አጥር ነበር

ኢንተርኔት ወደ አገራችን በይፋ የገባው በ1989 ዓ.ም ነው፤ የሞባይል ስልክ አገልግሎት ደግሞ በ1991 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ለልጅ የሚደርሱ አልነበሩም። ሲም ካርድ ለማግኘት ወረፋ ነበር። ኢንተርኔት የፈለገ ኢንተርኔት ካፌ ገብቶ በደቂቃ ይከፍላል፤ እዚያም ኮምፒውተሮቹ ጎን ለጎን ስለተደረደሩ የከፈተውን ሌላው ያይበታል።

ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። በ2007 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ የ4ጂ አገልግሎት ተጀመረ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን ከ40 በመቶ በላይ ቀነሰ። በመስከረም 2015 ዓ.ም ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ እኔም ይህን ጽሑፍ ላደርሳችሁ የቻልኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ሆኖም ሳናስተውለው ውድነቱ ራሱ ለልጆቻችን አጥር ሆኖ ቆይቶ ነበር። ካርድ ውድ በሆነበት ጊዜ ለ7 ዓመት ልጅ ዳታ የተሞላበት ስልክ የሚሰጥ አልነበረም። አጥሩ ሲነሳ በምትኩ ሌላ አላጠርንም።

መጋቢት 2012

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በአዲስ አበባ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የቤት ሥራውን በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። እስከዚያ ቀን ‹‹ስልክ አይነካም!›› ሲል የነበረ ወላጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስልኩን ለልጁ አስረከበ። ሌላ ምርጫም አልነበረውም።

በ2013 ዓ.ም ትምህርት ቤት ሲከፈት ተማሪው ወደ ክፍሉ ተመለሰ፤ ስልኩ ግን ወደ አባትየው ኪስ አልተመለሰም። የክፍሉ ግሩፕም አልተዘጋም። ለወላጆች የተከፈተ ግሩፕ ውስጥ ልጆች ይጽፋሉ። ማን ማን እንደሆነ በቅጡ አይታወቅም። ግሩፑ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው ለልጁ በግል ሊጽፍለት ይችላል። ስክሪኑ ከሳሎን ወጥቶ መኝታ ቤት፣ ከዚያም ብርድ ልብስ ሥር የገባው በብዙ ቤት እንዲህ ነው። አሁን እናት ልጇን በጆሮው ይዛ የምታወጣበት በር የለም።

አካውንቱ የማን ነው?

ቲክቶክ፣ ፌስቡክና ኢንስታግራም ‹‹ከ13 ዓመት በታች አይፈቀድም›› ይላሉ። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ከሕክምና አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው ሕግ ኩባንያዎች ከ13 ዓመት በታች ያለን ልጅ የግል መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይሰበስቡ ከለከለች። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ፈቃድ ከመጠየቅ ይልቅ ‹‹ከ13 በታች አንቀበልም›› ብለው ጻፉ። ስለዚህ ‹‹13 ሞልቶታል፣ ደርሷል›› ማለት አይቻልም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2025 ጀምሮ ዕድሜውን 16 አድርጋዋለች።

በእኛ ቤት ግን ችግሩ ከቁጥሩም ይቀድማል። ልጆቻችን በአብዛኛው የሚገቡት በእኛ ስልክ፣ በእኛ አካውንት ነው። መተግበሪያው የ6 ዓመቷን ልጅ የሚያውቃት እንደ 38 ዓመት ሰው ነው። የሚያመጣላት ቪዲዮም፣ ማስታወቂያም፣ የሚጽፍላትም ሰው በዚያው ልክ ነው። ኩባንያው ለልጆች ያዘጋጀው ጥበቃ ቢኖር እንኳ እሷ ጋ አይደርስም፤ ልጅ መሆኗን የነገረው የለም።

ክሊኒክ ውስጥ የሚታየው

እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታት፣ የዓይን ድካም፣ በትንንሾቹ ላይ ደግሞ የንግግር መዘግየት፣ እነዚህን ታውቋቸዋላችሁ። እያንዳንዳቸው ሌላ ምክንያትም ሊኖራቸው ስለሚችል ሁሉንም በስልክ ብቻ አታሳቡ፤ አስመርምሩ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማይነገረው ነው። የ10፣ የ11 ዓመት ልጅ ‹‹ሆዴን›› እያለ ይመጣል። የሰገራና የሽንት ምርመራው ምንም አያሳይም። ትምህርት ቤት መሄድ አይፈልግም። ስልኩ ድምፅ ሲያሰማ ይደነግጣል። እንዲህ ያለው የሆድ ሕመም ውሸት አይደለም፤ ፍርሃት ሆድን በእውነት ያሳምማል። ከጀርባው አንዳንዴ ፎቶ ላክ ያለው፣ ‹‹ለእናትህ እነግራለሁ›› እያለ የሚያስፈራራው ሰው ሊኖር ይችላል።

ዩኒሴፍ፣ ኢንተርፖልና ኤክፓት በጋራ ባደረጉት፣ የኢትዮጵያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ጥናት መሠረት፣ በአገራችን ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ ከ12 እስከ 17 ዓመት ልጆች ከ10 አንዱ ገደማ በአንድ ዓመት ውስጥ በኢንተርኔት አማካይነት ግልጽ የሆነ ወሲባዊ ብዝበዛ ወይም ጥቃት ደርሶበታል። ጥናቱ በ13 አገራት የተካሄደ ሲሆን፣ ጥቃት አድራሹ ብዙ ጊዜ ልጁ አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው እንደሆነና ብዙ ልጆችም ለማንም እንደማይናገሩ አሳይቷል። ቅድም ያልኩት ‹‹ዝም በል›› እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ስልኩ አዲስ ነው፤ ዝምታው ግን የቆየ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ወላጅ ሕግ ያለ አይመስለውም። አለ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 መሠረት የልጆችን ወሲባዊ ምስል ማዘጋጀት፣ ማሰራጨት ወይም ይዞ መገኘት ከ3 እስከ 10 ዓመት፣ ልጅን በመልእክት፣ በፎቶ ወይም በቪዲዮ ለወሲብ ድርጊት ማባበል ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

1. ስክሪኑን ወደ ሳሎን መልሱት። ትንሽ ልጅ ስልክ የሚያየው ሰው ባለበት፣ ድምፁ እየተሰማ ይሁን፤ ጆሮ ማዳመጫ አይሰጠው። ማታ የሁሉም ስልክ፣ የእናንተም ጭምር፣ ሳሎን ይደር።

2. የእናንተን አካውንት አታውሱት። ለልጁ በትክክለኛ ዕድሜው የተከፈተ አካውንት ይጠቀም። ዩቲዩብ ላይ ‹ሪስትሪክትድ ሞድ› የሚለውን አብሩ። ዕድሜው ላልደረሰበት መተግበሪያ ዕድሜ ጨምራችሁ አትክፈቱለት።

3. ልጁ በሚነካው ስልክ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ‹ፕራይቬሲ› የሚለውን ከፍታችሁ ስልክ ቁጥሩን ማንም እንዳያይ፣ ወደ ግሩፕ የሚያስገባውም የምታውቁት ሰው ብቻ እንዲሆን አድርጉ።

4. ሦስት ነገር አስተምሩት፦ ገላህን የሚያሳይ ፎቶ ለማንም አይላክም፤ ‹‹ለእናትህ አትንገር›› የሚል ሰው ሲመጣ ወዲያው ለእናት ይነገራል፤ ምንም ብትሳሳት አልመታህም። ሦስተኛው ከሌለ ሁለቱ አይሠሩም።

5. የልጃችሁን የዩኒፎርም ፎቶ ከነትምህርት ቤቱ ስም አትለጥፉ።

ትምህርት ቤትስ?

ቀራንዮ፣ ቤቴል፣ አለም ባንክ፣ አየር ጤና ላላችሁ መምህራንና የወላጅ ኮሚቴዎች፦ የክፍል ግሩፕ የወላጆች ብቻ ይሁን፤ መምህሩ ብቻ የሚጽፍበት ቻናል ይበልጥ ይመረጣል። መምህር ለተማሪ በግል መልእክት አይጻፍ፤ ይህን ደንብ አድርጋችሁ ጻፉት፤ ልጁንም መምህሩንም ይጠብቃል። የቤት ሥራ በደብተር የሚሆን ከሆነ በደብተር ይሁን። ችግር የገጠመው ልጅ የሚነግረው አንድ ሰው ስሙ ተለይቶ ይታወቅ። ለነገረ ልጅ ቅጣት አይኑር።

ችግሩ ከደረሰስ?

ልጁን አትቆጡት፤ ‹‹ስለነገርከኝ ጎበዝ›› በሉት። ገንዘብ አትላኩ። መልእክቱንና የሰውየውን አካውንት ስም አታጥፉ፤ ማስረጃ ነው። ምስሉን ግን ‹‹እዩልኝ›› ብላችሁ ለማንም አታስተላልፉ። ስልኩን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይን የሚመለከተውን ክፍል ጠይቁ። በአካል የደረሰ ጥቃት ካለ ልጁን ሳታጥቡ፣ ልብሱን ሳትለውጡ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያሉት ሕክምናውን፣ ምክሩንና የሕጉን ድጋፍ በአንድ ቦታ ይሰጣሉ።

ወላጆቻችን ከቴሌቪዥኑ የጠበቁን ስለ ቴሌቪዥን ብዙ አውቀው አልነበረም። ከኋላችን ተቀምጠው ነው። እኛም ለልጆቻችን ይህን ለማድረግ የቴክኖሎጂ ባለሙያ መሆን አይጠበቅብንም። ዛሬ ማታ ልጃችሁ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ‹‹ምን እያየህ ነው? አሳየኝ እስቲ›› በሉት። ሳትቆጡ እዩ፤ ሳታቋርጡ ስሙ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ጽሑፉን በልጆቻችሁ ክፍል የወላጆች ግሩፕ ላይ አጋሩት። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ የልጁን ስምና ፎቶ ግን አትላኩ።

ጤናና ሰላም ለልጆቻችን!