የሳንሱር ጠረጴዛና የመንደር ሳንሱር

በልጅነታችን በኮምቦልቻ ቪዲዮ ቤቶች የሕንድ ፊልም ስንመለከት፣ አፍቃሪዎቹ ፊታቸውን ሲያቀራርቡ ምስሉ ድንገት ወደ አበባ ወይም ወደ ዝናብ ይዞር ነበር። እኛም የሕንድ ባህል ነው ብለን አመንን። ነገሩ ግን እንደዚያ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1933 በወጣው «ካርማ» ፊልም ዴቪካ ራኒና ሂማንሹ ራይ ተሳስመዋል፤ መሳሳም ከሸራው የራቀው ከነፃነት በኋላ በጠነከረው የሳንሱር ልማድ ነው። (ባህል የምንለው ስንቱ የመቀስ ሥራ ይሆን?)

ወደ አገራችን ስንመለስ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን እናገኛለን። «ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን ሴተኛ አዳሪዎች ሕይወት ራሳቸው በሚናገሩበት ቋንቋ ይተርካል። በንጉሡ ዘመን ተጽፎ፣ የንጉሡንም የደርግንም ሳንሱር ማለፍ ተስኖት ለአስርተ ዓመታት ሳይታተም ቆየ። ብዙዎች ምክንያቱ የወሲብ ነገር ነው ይላሉ። እኔ የምስማማው በከፊል ነው። ባቲንና አምባሰልን ባፈለቀችው ወሎ ከንፈርና ዳሌ በዜማ ሲወደስ አዛውንቱ ሳይቀር አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፤ አፈረ የሚባል የለም። መርማሪውን ያስደነገጠው ገላው ሳይሆን ተናጋሪዋ ይመስለኛል፤ የድሃዋ ሴት ንግግር ሳይኳል ሳይቀባ በመጽሐፍ ገጽ ላይ መስፈሩ። በሰምና ወርቅ ተሸፍኖ ቢቀርብለት ኖሮ ሰሙን አይቶ ባሳለፈው ነበር።

ይህ መርማሪ በፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ተሰናበተ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29ም ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ የመግለጽን ነፃነት ደንግጎ ቅድመ ምርመራን ከለከለ። ከዚያስ? ሁለት የአንድ ቤት ምራቶች እርስ በርስ ሲዋደዱ የሚያሳየውን የዲፓ ሜህታን «ፋየር» የሕንድ ቦርድ ምስሉን ሳይቆርጥ አሳልፎት ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1998 የሺቭ ሴና ደጋፊዎች በሙምባይ ሲኒማ ቤቶችን ሰባበሩ፤ ፊልሙም ለዳግም ምርመራ ተመለሰ። ቦርዱ በ1999 እንደገና አሳለፈው፤ ነገር ግን መንግሥት ያልነካውን ጎዳናው ነክቶታል።

ባለፈው ዓመት ደሴ ላይ አንድ ተማሪዬ የጻፈውን አጭር ልብ ወለድ አመጣልኝ። ተኳርፈው የከረሙ ባልና ሚስት የሚታረቁበት ሌሊት ላይ ሲደርስ ሦስት ነጥብ አኑሮ ወደ ንጋት ተሻግሯል።

«ሌሊቱ የት ሄደ?» አልሁት።

«ዶክተር፣ እናቴ እኮ ታነበዋለች!»

ሳቅሁ። ያ የኮምቦልቻ አበባም ትዝ አለኝ። ባልና ሚስቱ ምን ተባብለው እንደታረቁ ግን እስካሁን አላወቅሁም።