በእግር የተመረጠ፣ በቅጽ የተመረጠ

ስሙኝማ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ የተማሪ ወሬ ነው። ጉናን የማያውቅ ከመካከላችሁ አይኖርም፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በጥቅምት ውርጭ የሚነጣው፣ ገብስና ድንች የሚያበላን ተራራ። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ጋይንት የሚያቀናው መንገድ ገሳይን አልፎ ነው የሚሄደው። በዚህ አገር መንገድ ነጋዴው አልፏል፣ ወታደሩ አልፏል፣ ዓፄ ቴዎድሮስም ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ አልፈዋል። ከሁሉ ይበልጥ የተመላለሰበት ግን ተማሪ ነው።

ድሮ በዚህ ምድር የቤተ ክህነት ትምህርት የሚመረጠው በእግር ነበር። ደበሎ የለበሰ፣ አኮፋዳ ያንጠለጠለ፣ ዱላ የያዘ ልጅ መንገድ ላይ ሲያገኝ ገበሬው፣ «ተማሪ፣ ወዴት ነህ?» ይለዋል። «ቤተልሔም» ካለ ድጓ ሊማር ነው። «ዙር አባ» ካለ የሚፈልገው ዝማሬ መዋሥዕት ነው። ፊቱን ወደ ደብረ ታቦር ካዞረ አቋቋም፣ ያውም የተክሌን አቋቋም ሽቶ ነው። ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ከወረደ ደግሞ ቅኔ ጠምቶታል ማለት ነው። የሚሄድበት ቦታ ስም ሲጠራ የሚማረው ትምህርት ይታወቅ ነበር። ቅጽ የሚያስሞላው አልነበረም፤ የሚወደውን ፍለጋ አገር ያቋርጣል፣ የኔታው ደጅ ይጠናል፣ ተቀባይነት ካገኘ ጎጆውን ቀልሶ ይቀመጣል።

የተክሌ አቋቋም ነገር ከተነሣ አይቀር ልጨምርላችሁ። የፎገራው ሊቅ አለቃ ገብረ ሃና በቀልዳቸው ብቻ የሚያውቃቸው ብዙ ነው። በዜማው ዓለም ግን ትልቅ ሥራ ትተው ያለፉ ሰው ናቸው። የጣና ማዕበል ወዲያና ወዲህ ሲል፣ የዳርቻው ደንገል አብሮት ሲወዛወዝ አይተው አዲስ የመቋሚያ ዝማሜ አወጡ ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን አንቀበልም ሲሉ ልጃቸው ተክሌ ተማረው፤ ደብረ ታቦር ላይ ሥር ሰደደ፤ በልጁም ስም ቀረ። እነሆ ዛሬም ድረስ ያንን ዝማሜ ሊማር ከሩቅ አገር የሚመጣ ተማሪ አለ።

የያኔው ተማሪ ኑሮ ከባድ ነበር። ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ ይለምናል፤ ከውሻ ጋር ይታገላል፤ ሌሊት ተነሥቶ ቀለሙን ይቀጽላል። ግን ደስታም ነበረው። የበዓል ዕለት ዘኬ ሲወጣ፣ ጓደኛው የዘረፈው ቅኔ በጉባኤው መካከል ሲሞገስ፣ ማታ በእሳት ዙሪያ የየአገሩ ወሬ ሲወራ፣ ያ ዘመን የሰው ልጅ የወጣትነት ዘመን ሆኖ ነው የሚያልፈው። የኔታም ልጁን አጥንተው ነው የሚመክሩት፤ «አንተ ድምፅህ ለዜማ ነው»፣ «አንተ ደግሞ ቅኔው ይሻልሃል» ይሉታል። ረሃቡንና ውርጩን የሚያስችለው ሌላ ነገር አይመስለኝም፤ የሚማረውን ወዶት መማሩ ነው።

ዘመን ተለወጠ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት መጣ። የደብረ ታቦር ነባሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዳግማዊ ቴዎድሮስ ስም ተጠራ፤ ከገሳይ፣ ከጉና ሥር፣ ከፋርጣ ገጠሮች የሚመጣ ልጅ ደብተሩን ይዞ ወደ ከተማ መውረድ ጀመረ። ያኔ ተማሪ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ተምሮ ማትሪክ ይፈተን ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ግን ሁለተኛ ደረጃን ለሁለት ከፈለው። 9ኛና 10ኛ ለብቻ ሆኑ፤ 11ኛና 12ኛ «መሰናዶ» ተባሉ። 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ተተከለ። ነጥብ የመጣለት መሰናዶ ገባ፤ ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ ሄደ ወይም ወደ ቤቱ ተመለሰ። የ10ኛው ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል፤ አንድ ነገር ግን አልቀረም። 11ኛ ክፍል ደጃፍ ላይ የሚጠብቀው ጥያቄ ዛሬም እዚያው አለ፦ ናቹራል ወይስ ሶሻል?

ናቹራል ያለ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን ይይዛል። ሶሻል ያለ ጂኦግራፊን፣ ታሪክንና ኢኮኖሚክስን ይይዛል። እንግሊዝኛና ሒሳብ የሁለቱም ናቸው። እንግሊዝ አገር በዚሁ ዕድሜ ያለ ተማሪ ሦስት ወይም አራት ትምህርት ነጥሎ ይመርጣል፤ ከፈለገ ፊዚክስን ከታሪክ ጋር አብሮ ይማራል። የእኛ ልጅ የሚሰጠው ግን የታሰረ ነዶ ነው፤ አንዱን ዘለላ መዝዞ ከሌላው ነዶ ማስገባት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ምርጫው ከእነርሱ ይልቅ በእኛ ይከብዳል። አንድ ቀን የተሞላ ቅጽ ሁለት ዓመት ያስራል፤ ከዚያም አልፎ የዩኒቨርሲቲውን በር ይወስናል።

አሁን አንድ ልጅ ላቁምላችሁ። ስም አልሰጠውም፤ ብዙ ልጅ ነውና። ገሳይ አጠገብ ካለ መንደር ነው። አባቱ ከእርሻ ገብቶ እግሩን ሲታጠብ ነገሩን ያነሣል።

«አባዬ፣ ነገ ስትሪም ልንመርጥ ነው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ናቹራል ወይም ሶሻል መግባት ነው።»

«ሐኪም የሚያደርገው የቱ ነው?»

«ናቹራሉ።»

«እንግዲያ ምኑን ትጠይቀኛለህ?»

እናቱ ከምድጃው ሥር ቀና ትላለች። «እሱ እኮ ማታ ማታ የነገሥታቱን ታሪክ ሲያወራን ነው የሚያመሸው። ልጄ የወደደውን ቢይዝ ምን አለበት?»

«ታሪክ እንጀራ ይሆነዋል እንዴ?»

ልጁ ዝም ይላል። በማግሥቱ ጓደኞቹ ምን እንደሞሉ አይቶ የእነሱን ይሞላል።

አባትየው እንዲህ ያለው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ተፈጥሮ ሳይንስ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ወሰነ። ወሬው ገጠር ድረስ ዘለቀ፤ ናቹራል የጎበዝ፣ ሶሻል የሰነፍ ተባለ። ታሪክ የሚወድ ልጅ እንዳይናቅ ፈርቶ ፊዚክስ ገባ። ሒሳብ የፈራ ደግሞ «ሶሻል ይቀላል» ብሎ ሸሸ። ሁለቱም ትምህርት አልመረጡም፤ የፈሩትን ሸሹ እንጂ።

ታዲያ ሽሽቱ አዋጣ ወይ? ቁጥሩን ልንገራችሁና ራሳችሁ ፍረዱ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 መጀመሪያ ነው የተሰጠው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈታኙ ሁሉ ፍራሹንና አንሶላውን ይዞ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ተፈተነ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ። አገሩ ደነገጠ። ከእነዚያ ውስጥ የናቹራሎቹ 22,936፣ የሶሻሎቹ 6,973 ነበሩ። በመቶኛ ሲሰላ ከናቹራል 6.8፣ ከሶሻል 1.3 መሆኑ ነው። ይቀላል የተባለው ከመቶ አንድ ብቻ አሳለፈ! ምክንያቱ ብዙ ነው፤ መጽሐፉ፣ መምህሩ፣ ከታች ክፍል የመጣው ጉድለት ሁሉ አለበት። ግን አንዲት ነገር በግልጽ ይነግረናል። ሶሻል እየፈሩ የሚገቡበት ቦታ አይደለም፤ ታሪክና ኢኮኖሚክስም እንደ ፊዚክስ ወዶ የሚያጠናቸውን ይፈልጋሉ።

በሉ ምርጫው ይቆየን፤ ወደ ኑሮው እንግባ። መቼም የመሰናዶ ኑሮ ካልተወራ ምኑን ተወራ።

ከገጠር የመጣ ተማሪ ከተማ ቤት ይከራያል። ሦስት ወይም አራት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይይዛሉ። አንዱ ወጥ ይሠራል፣ አንዱ ውኃ ይቀዳል፣ አንዱ ዕቃ ያጥባል፤ ተራ ነው። ቅዳሜ ገበያ ሲሆን ወላጅ ስንቅ ይዞ ይመጣል። እንጀራው በመሶብ፣ ሽሮና በርበሬው በላስቲክ ተቋጥሮ፣ ድንቹ በማዳበሪያ ከረጢት፤ ከሥሩ ደግሞ በሶ። የደጋ ተማሪ በሶን የመሰለ ወዳጅ የለውም። እንጀራው ሻግቶ፣ ሽሮው አልቆ፣ ቅዳሜ ገና ሩቅ ሲሆን በውኃና በጨው በጥብጦ ይጠጣዋል፤ ስኳር የተገኘለት ቀን ደግሞ ድግስ ነው። የአንዱ ስንቅ ሲያልቅ የሌላው ይበላል፤ «የኔ» የሚባል ነገር ለረጅም ጊዜ አይቆይም። ያችን ክፍል አብሮ የተጋራ ሰው ሃምሳ ዓመት ሲሞላውም ጓደኛውን አይረሳም።

ማታ ጥናት ነው። መብራት ካለ በመብራት፣ ከጠፋ በሻማ፣ ጋቢ ተከናንቦ ይቸከላል። አንዱ ሰቃይ ተማሪ የሒሳቡን ጥያቄ ግድግዳ ላይ በከሰል እየጻፈ ለሌሎቹ ያስረዳል። ከ1997 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በፕላዝማ የተማሩት ታላላቆች ደግሞ ሌላ ትዝታ አላቸው። የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ እየተናገረ ሲነጉድ መልሶ የሚጠይቁት ሰው አልነበረም፤ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋ ነበር። ያን ጊዜ የክፍሉ አለቃ ተነሥቶ፣ «እኔ የገባኝን ላስረዳችሁ» ብሎ ጠመኔ ያነሣል። ከፕላዝማው ይልቅ ከጓደኛው ብዙ የተማረ አለ።

ትምህርት ቤት ውስጥም ከክፍል ውጭ ሌላ ሕይወት አለ። በዕረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው ይከፈታል፤ ዜና ይነበባል፣ ግጥም ይነበባል፣ የልደት መልካም ምኞት ይተላለፋል። የሥነ ጽሑፍ ክበብ፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፣ የድራማ ክበብ አለ። ሰው ፊት መናገር ያቅተው የነበረ ልጅ አንድ ቀን ማይክ ሲይዝ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግን ከሰልፉ ፊት ቆሞ ማስታወቂያ የሚናገረው እሱ ይሆናል። ይህ ችሎታ በፈተና ወረቀት ላይ አይመጣም፤ ሲሠራ ሲኖር ግን በየቀኑ ያስፈልገዋል። ክረምት ሲሆን ሁሉም ወደ ቀዬው ይመለሳል፤ ነሐሴ 13 ቀን የከተማይቱን ስም የሚጋራው የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄ፣ ይመጣል። ችቦው ይበራል፣ ሙልሙሉ ይታደላል፣ ጭፈራው ይደምቃል።

ለሴቷ ልጅ ግን መንገዱ እጥፍ ነው። እዚህ ደጋ ውስጥ 11ኛ ክፍል ሳትደርስ የምትዳር ልጅ ሞልታለች። ደርሳ ቤት ብትከራይም ወንዱ የማያስበው ሐሳብ አለባት፤ ውኃ ስትቀዳ መንገዱ፣ ሲመሽ በሩ። በዚህ ሁሉ አልፋ ፊዚክስ የመረጠችን ልጅ «ይከብድሻል» የሚላት አለ። እኔ ግን እላችኋለሁ፤ እስከዚያ ክፍል የደረሰችበትን መንገድ ያየ ሰው «ይከብድሻል» ለማለት አፉ አይታዘዘውም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን፣ በአማራ፣ ግጭት በርትቶ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ምርጫው ቀርቶ ክፍሉ ራሱ የናፈቀው ልጅ ብዙ ነው። ስለዚህ ዛሬ በሩ የተከፈተለት ተማሪ ዕድሉን በፍርሃት እንዳያባክናት እለምናለሁ።

እንግዲህ የምለውን በአጭሩ ልበል። አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እኅቴ፣ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ውጤታችሁን አውጥታችሁ ተመልከቱ። ማንም ሳያዛችሁ የምትገልጡት መጽሐፍ የቱ ነው? እሱ ይናገራል። 12ኛ ክፍል ያሉትን ሁለቱንም ወገን ጠይቁ፤ አንድ ቀን ደብተራቸውን ተውሳችሁ አንብቡ። ሐኪምና መሐንዲስ ብቻ አይደለም ያለው፤ በሶሻል በኩል ሕጉ፣ ኢኮኖሚክሱ፣ ማኔጅመንቱ አለ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብርና የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ትምህርት ሆኗል፤ ለጉና የድንችና የገብስ ገበሬ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሲገባም መጀመሪያ የሚሰጠው የፍሬሽማን ኮርስ ነውና ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አይዘጋም።

እናንተ መምህራን፣ የድሮዎቹ የኔታዎች ያደርጉት የነበረውን አድርጉ። ልጁን ታውቁታላችሁና ቅጹ ከመታደሉ በፊት ጠርታችሁ ምከሩት። ወላጆችም «ምን ያደርግሃል?» ከማለታችሁ በፊት «የቱን ስትማር ደስ ይልሃል?» ብላችሁ አንድ ምሽት ስጡት፤ መልሱንም ሳታቋርጡ ስሙት። ሁለቱ ዓመታት ወደ ፈተና መሻገሪያ ብቻ አይደሉም፤ ልጁ ሰው የሚሆንባቸው፣ ወዳጅ የሚያፈራባቸው፣ ድምፁን የሚያገኝባቸው የዕድሜው ዓመታት ናቸው። የወደደውን ይዞ በደስታ ይማርባቸው፤ ሐኪምነቱም ዳኝነቱም ከዚያ በኋላ ይመጣል።