ማምከን በአደባባይ፤ ታሪክ ምን ይመክረናል?

  

በላስታ ደጋ የልጅ ብዛት ነገር ከመሬት ጥበት ጋር ተያይዞ በየቤቱ የሚነሳ ወሬ ነው። አባት ከአባቱ የወረሰውን ማሳ ለአራትና ለአምስት ልጆች ሲያካፍል፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ለአንድ ጥማድ በሬ መዞሪያ አይሆንም። ስለዚህ የጤና ባለሙያ ስለ ወሊድ ማራራቅ ሲያስተምር ሰሚ አያጣም። ዛሬ የምናነሳው ግን ከዚያ ጠበብ ያለ ጥያቄ ነው። ሰው ለዘለቄታው እንዳይወልድ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና፣ ማለትም የሴቷን ማህፀን ማስቋጠር ወይም የወንዱን የዘር ቱቦ መዝጋት፣ እንደ በዓል ተደግሶ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ በአደባባይ ሊካሄድ ይገባል ወይ?

ይህ አሠራር በዓለም ያልታየ አይደለም። በታይላንድ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በንጉሡ የልደት ቀን ወንዶች ተሰልፈው በነፃ ቀዶ ሕክምናውን የሚያገኙበት ዝግጅት ይደረግ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ አደሌድ ከተማ ‹‹የዓለም የቫዜክቶሚ ቀን›› የተባለ ዝግጅት ተጀምሮ ቀዶ ሕክምናው በተመልካች ፊት ተካሄደ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተረኛዋ አስተናጋጅ የጎረቤታችን የኬንያ ከተማ ናይሮቢ ነበረች። አዘጋጆቹ እንደሚሉት፣ ወንዶች የሚሸሹት ነገሩን ስለማያውቁት ነው፤ ካዩት ፍርሃቱ ይለቃቸዋል፣ የወሊድ መቆጣጠሪያም ሸክም በሴቷ ላይ ብቻ መውደቁ ይቀራል። ሸክሙ በእናቶቻችንና በእህቶቻችን ላይ ማመዘኑ እውነት ነው። ስለዚህ ሐሳቡን በስድብ ሳይሆን በታሪክ እንመዝነው።

በአገራችን ይህ ቀዶ ሕክምና ራሱ ብርቅ ነው። አብዛኞቹ ተጠቃሚዎች የሚመርጡት መርፌውንና ክንድ ላይ የሚቀበረውን ሲሆን፣ ማህፀናቸውን ያስቋጠሩ ባለትዳር ሴቶች ከመቶ አንድ አይሞሉም። ሆኖም እኛ ዘመቻ የለመድን ሕዝብ ነን። ክትባቱም፣ እርከን ሥራውም በዘመቻ ነው። ነገሩ ደጃችን ሳይደርስ መመካከሩ ይበጃል።

የዚህ ነገር ትልቁ ትምህርት ቤት ሕንድ ናት። የቤተሰብ ምጣኔን በመንግሥት ፕሮግራም ደረጃ በ1952 እ.ኤ.አ. በመጀመር ከዓለም ቀዳሚዋ እርሷ ነበረች። በ1970 እ.ኤ.አ. መገባደጃ በኬራላ ክፍለ ግዛት የኤርናኩላም አውራጃ አስተዳዳሪ የነበሩት ኤስ. ክሪሽናኩማር ትልቅ የማምከኛ ካምፕ ከፈቱ። ሰዎች በከበሮና በሙዚቃ ታጅበው በሰልፍ ይመጡ ነበር፤ ለታከመው ገንዘብ፣ እህልና ልብስ ይሰጠዋል። በመጀመሪያው ካምፕ 15,005 ወንዶች ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው። በሐምሌ 1971 እ.ኤ.አ. በተከፈተው ሁለተኛው ካምፕ በአንድ ወር ብቻ ቁጥሩ 63,418 ደረሰ።

ካምፑ በዝግጅቱና በጥንቃቄው ተመስግኗል፤ ምስጋናውን አንነፍገውም። ዘሩ የተዘራው ግን እዚያው ነው። ሥራው በታካሚው ደኅንነት መለካቱ ቀርቶ በቁጥር ተለካ። ቁጥሩ በጋዜጣ ሲወጣ የሌላው አውራጃ ሹም ከዚያ እበልጣለሁ አለ። ድሃው ሰው ደግሞ የልጁንና የእህሉን ነገር በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ እንዲመርጥ ተደረገ።

በሰኔ 1975 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ፤ ልጃቸው ሳንጃይ ጋንዲም የማምከኑን ዘመቻ ገፋበት። ለሹሙ፣ ለመምህሩ፣ ለፖሊሱ ኮታ ተደለደለ። ኮታውን ያላሟላ መምህር ደመወዙ የተያዘበት ቦታ ነበር። በ1976/77 የበጀት ዓመት ብቻ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መከኑ፤ ከእነዚህ 6 ሚሊዮን ያህሉ ወንዶች ነበሩ። በኖቬምበር 1976 በሀርያና ክፍለ ግዛት ኡታዋር የምትባለውን የሙስሊሞች መንደር ፖሊስ በሌሊት ከበባት። ወንዶቹ በድምፅ ማጉያ ተጠርተው ወጡ፤ ብዙዎቹም ተወስደው ያለ ፈቃዳቸው ቀዶ ሕክምናው ተፈጸመባቸው። ጉዳዩን የመረመረው የሻህ ኮሚሽን ከማምከኑ ጋር የተያያዙ 1,774 ሞቶችን መዝግቧል። የተጎዱት ሙስሊሞች ብቻ አልነበሩም፤ ሂንዱም ሆነ ሙስሊም፣ ዱላው ያረፈው በድሃው ላይ ነው። በመጋቢት 1977 እ.ኤ.አ. በተደረገው ምርጫ ኢንዲራ ጋንዲ ተሸነፉ።

ከዚያ ወዲህ ካምፑ አልቀረም፤ ከወንዶቹ ወደ ሴቶቹ ዞረ እንጂ። በኖቬምበር 2014 በቢላስፑር አካባቢ አንድ ሐኪም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ 83 ሴቶችን ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ ከአሥር በላይ እናቶች ሞቱ። በሴፕቴምበር 2016 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካምፖቹ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲቀሩ አዘዘ። በፔሩም በፕሬዚዳንት ፉጂሞሪ ዘመን ‹‹የማስቋጠር ፌስቲቫል›› እየተባለ፣ ከ1996 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ከ270,000 በላይ ሴቶች መከኑ። ከእነርሱ ብዙዎቹ የገጠር ድሆች ነበሩ፤ የፍትሕ አቤቱታቸው ዛሬም አልተቋጨም።

የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚለን ካለ ወሎን እናስታውሰው። በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ጊዜ ደርግ የሰፈራ ፕሮግራም አወጀ። ጉዳዩ ሌላ ነው፤ መንገዱ ግን አንድ ነው። ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ወረደ። እህል ፍለጋ የመጣ ራብተኛ ‹‹ፈቃደኛ›› ተብሎ ተመዘገበ። ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ መተከል ከተጓጓዘው ወደ 600,000 ከሚጠጋ ሰው ከግማሽ በላዩ የወሎ ሰው ነበር። ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከእናቱ የተለያዩበት ቤት ጥቂት አይደለም። የተራበ ሰው እህል በያዘ ሹም ፊት ቆሞ ‹‹እሺ›› ቢል፣ ያ እሺታ ከልቡ ነው ወይስ ከሆዱ? ወሎዬ ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቃል።

እስቲ አሁን ይህን ወደ ላሊበላ የቅዳሜ ገበያ እናምጣው። ድንኳን ተተክሏል፣ ድምፅ ማጉያ ይጮኻል፣ ሹማምንት ተቀምጠዋል። በሴፍቲኔት መዝገብ ስሟ ያለ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት በስሟ ብትጠራ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ‹‹እምቢ፣ ልቤ አላመነበትም›› ማለት ትችላለች? ‹‹እሺ›› ብትልስ በማግስቱ ውኃ ስትቀዳ ጎረቤት ምን ይላታል? በአደባባይ የተሰጠ ቃል በአደባባይ ካልሆነ አይመለስም፤ ይህ ቀዶ ሕክምና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ አይመለስም።

አንዳንዱ ‹‹የትራኮማ የዐይን ቀዶ ሕክምናስ በዘመቻ ይሰጥ የለም ወይ?›› ሊለን ይችላል። ትክክል ነው፤ በአማራ ክልል የወባና የትራኮማ ሳምንት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዘመቻ ሲካሄድ ብዙ ሰው ተጠቅሟል። ነገር ግን ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዐይኑን የሚወጋው ሰው በሽተኛ ነው፤ ሕክምናው ብርሃኑን ያድንለታል። የሚወልድ ሰው ግን በሽተኛ አይደለም። ሕክምናው ዐውራውን የሚያስገልጥ፣ ያለውን ጸጋ የሚዘጋ ነው። ሁለቱን በአንድ ድንኳን ማኖር አይገባም።

ሃይማኖታችንም በዚህ ላይ ዝም አላለም። ሶሓቦች ለዒባዳ ሲሉ ራሳቸውን ሊያመክኑ ባሰቡ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋቸዋል። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ ጉባኤ በዲሴምበር 1988 ኩዌት ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ በሸሪዓ መስፈርት የታወቀ አስገዳጅ ምክንያት ከሌለ የመውለድን አቅም ለዘለቄታው ማጥፋት እንደማይፈቀድ ገልጿል። ባልና ሚስት ተመካክረውና ተስማምተው፣ ጉዳት ሳይኖረው ለጊዜው ማራራቅን ግን ፈቅዷል።

ድርጊቱ ከመሠረቱ ካልተፈቀደ ስለ አደባባዩ መነጋገር ለምን አስፈለገ? አንደኛ፣ ዳግመኛ ብታረግዝ ሕይወቷ አደጋ ላይ እንደሚወድቅ ሐኪም የነገራት እናት በመካከላችን አለች፤ የእርሷ ክብር ሊጠበቅ ይገባል። ሁለተኛ፣ በላስታ የምንኖረው ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር ነው፤ የእነርሱም ቤት ክብር ያሳስበናል። እኛ ሟችን እንኳ ስናጥብ ዐውራውን ሸፍነን ነው የምናጥበው። ለማያየውና ለማይሰማው እንዲህ የምንጠነቀቅ ከሆነ፣ ሕያዋን ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ለተመልካች ሲቀርቡ ዝም ልንል አንችልም።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ትምህርቱ በአደባባይ ይሰጥ፤ በገበያም፣ በመስጊድ ግቢም፣ በሬድዮም ይነገር፤ ፍርሃትን የሚያስወግደው ማወቅ ነውና። ሕክምናው ግን በተዘጋ በር፣ ለአንድ ሰው፣ ያለ ኮታና ያለ ሽልማት፣ አስቦበት እንዲመለስ ጊዜ ተሰጥቶት ይሁን። ወንዶች ሆይ፣ ሸክሙ በሚስቶቻችሁ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ጤና ጣቢያ አብራችኋቸው ሂዱ፤ የዑለማን ምክርም ጠይቁ። የጤና ባለሙያዎቻችንም ቁጥር የሚጠይቃቸው አለቃ ቢመጣ የሕንድን ታሪክ ይንገሩት።

አላህ ቤቶቻችንን በረሕመቱ ይሸፍን፤ የድሃን ክብር ከሚያዋርድ ሥራም ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም።