ቶርን እናውቃለን፤ ጀምበርንስ?

መሳለሚያ ታክሲ ስንጠብቅ ከፊታችን የተሰለፈው ልጅ የቶር መዶሻ የታተመበት ቲሸርት ለብሷል። «የማርቭል ፈጠራ ነው» አለን።

ግማሹ ልክ ነው። ቶር የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ክርስትና ሳይገባቸው በፊት ያመልኩት የነበረ የነጎድጓድ አምላክ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ስታን ሊ፣ ላሪ ሊበርና ጃክ ከርቢ ወደ ኮሚክ ሲያመጡት ብዙ ነገር ቀየሩ። በጥንቱ ተረት ጢሙ ቀይ ነው። ሎኪም ወንድሙ ሳይሆን የአባቱ የኦዲን የደም ቃል ኪዳን ወንድም ነው። መዶሻውን ደግሞ «የሚገባው ብቻ ያነሳዋል» የሚባለው ኮሚኩ የጨመረው ነው፤ በተረቱ ትሪም የሚባል ግዙፍ ሰርቆ ቀብሮት፣ ቶር እንደ ሙሽሪት ለብሶ፣ ፊቱን ተሸፋፍኖ ሄዶ ነው ያስመለሰው። (ይሄን በፊልም ብናየው!)

የኛው ጀምበር የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ደራሲው ብስራት ደበበ ነው፣ አሳታሚው ኤታን ኮሚክስ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን አምላክ አይደለም፤ ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ያጣ ወጣት ነው፣ እንደ ብዙዎቻችን። ቀጥሎ የመጣችው ሀዊ ደግሞ ሴት ጀግና ናት።

ልጁ ሁለቱንም ሰምቶ አያውቅም። ስማቸውን ነገርነው፤ ታክሲው እስኪመጣ ስልኩ ላይ መፈለግ ጀመረ።