እምብዛም የማይታዩ የዓይን ቆብ ነቀርሳዎች፦ የመለየት ታሪክና የሕሙማን ዕጣ



የዓይን ቆብ ቆዳ በሰውነታችን ካለው ቆዳ ሁሉ የሳሳ ነው። በዚህ ጠባብ ስፍራ ከሚነሡት ነቀርሳዎች አብዛኞቹ በዝግታ የሚያድጉና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል እምብዛም የማይሠራጩ ናቸው። የዛሬው ንግግሬ ስለ ጥቂቶቹ፣ ዓይንንም ሕይወትንም ሊነጥቁ ስለሚችሉት ነው። ታሪካቸው እንደሚያስረዳን የሕሙማኑን ዕጣ የወሰነው የቀዶ ሕክምና ጥበብ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ የሚቀድመው በሽታውን ከመሰሉ የመለየት ችሎታ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1827 የደብሊኑ ሐኪም አርተር ጃኮብ ቆብንና ፊትን ቀስ በቀስ የሚበላ ቁስል ገለጸ። ቁስሉ በአቅራቢያው ወዳሉት ንፍፊቶች እንደማይዛመት በማስተዋሉ ከሌሎች ነቀርሳዎች ለይቶታል። ይህ ዛሬ በቆብ ላይ በብዛት የሚታየው ነቀርሳ ነው። ሆኖም ይህንኑ ቀላል ጠባይ ከሁሉም መጠበቅ አደገኛ ነበር።

ጀርመናዊው ሃይንሪክ ማይቦም በ1666 የገለጻቸው የቆብ ቅባት አመንጪ ዕጢዎች፣ ዓይን እንዳይደርቅ ይጠብቃሉ። ዕጢው ሲደፈን ካላዚዮን የሚባል ሕመም አልባ እብጠት ይወጣል። ከዚያው ዕጢ የሚነሣው ነቀርሳም ይህንኑ እብጠት፣ ወይም የማይድን የቆብ ብግነት መስሎ ይቀርባል። ስለዚህም ሕመምተኛው እብጠቱ እየተከፈተለት፣ ቅባት እየታዘዘለት ወራት ያልፋሉ። በ1982 በዩናይትድ ስቴትስ ተመራማሪዎች የ104 ሕሙማንን ታሪክ ለ5 ዓመት ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ ምልክቱ ከ6 ወር በላይ መቆየቱ፣ ነቀርሳው ከ10 ሚሊ ሜትር መብለጡና ሁለቱንም ቆቦች መያዙ የክፉ ፍጻሜ ምልክቶች ሆነው ተገኝተዋል። በሌላ አነጋገር መዘግየት ራሱ ይገድላል።

ሌላው ነቀርሳ ፍሪድሪክ ሜርክል በ1875 በገለጻቸው የቆዳ ሕዋሳት ስም ይጠራል። ሲሪል ቶከር እንደ ራሱ የቻለ በሽታ የገለጸው ግን በ1972 ነው። ቀላ ያለ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ የማያምና በፍጥነት የሚያድግ እባጭ ነው። በ2008 በብዙዎቹ ነቀርሳዎች ውስጥ አንድ ቫይረስ ተገኘ፤ በ2017 ደግሞ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያነቃቃው አቬሉማብ ለተሠራጨው በሽታ በአሜሪካ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ተስፋው እጅግ ጠባብ ነበር።

የቀዶ ሕክምናውም ታሪክ ከቆብ ጋር የተሳሰረ ነው። ፍሬድሪክ ሞስ የተቆረጠውን ሥጋ ጠርዝ ሁሉ በማይክሮስኮፕ የሚመረምርበትን ስልት በ1941 አሳተመ። መጀመሪያ ሥጋውን በዚንክ ክሎራይድ ያደርቀው ነበር፤ በ1953 ግን የቆብ ቀዶ ሕክምና በፊልም ሲቀረጽ መድኃኒቱን ትቶ ትኩሱን ሥጋ መረመረ። ይሁንና የቅባት ዕጢው ነቀርሳ ጤነኛ ሥጋ እየዘለለ ስለሚዛመት፣ ንጹሕ ጠርዝ እንኳ ሙሉ ዋስትና አይሆንም።

ትራኮማ በሰፊው በሚገኝባት አገራችን፣ የቀላና ሽፋሽፍቱ የረገፈ ቆብ ሲታይ አሳብ ወደ ትራኮማ ቢያዘነብል አያስደንቅም። ነገር ግን በአንድ ዓይን ብቻ የጸና ብግነት፣ ወይም ተከፍቶ በዚያው ስፍራ የተመለሰ እብጠት፣ በተለይ በአረጋውያን ላይ፣ ናሙናው ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ሊላክ ይገባል። የተወገደ ሥጋ ሳይመረመር ሲጣል፣ ሕመምተኛውን ሊያድን የሚችለው ማስረጃ አብሮ ይጣላል።