ያልተገላበጠ ያራል

እናቴን ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ እያልኩ ስኩራራ ኖሬአለሁ። ሰሞኑን የመጨረሻዋ ልጄ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የምታጠናባቸውን ካርዶች እቤታችን አትማ በመቀስ ስትቆራርጥ አየሁና፣ ያ ኩራቴ ከእውነቱ ግማሹን ብቻ የያዘ መሆኑ ትዝ አለኝ። የቀረውን ግማሽ ልናገር ነው። በአንድ በኩል ጥያቄ፣ በሌላው በኩል መልስ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ታሪኳ ከምናስበው በላይ ረጅም ነው፤ የእኛም አገር ድርሻ አለበት።

ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበር። በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ ኋላ 15 ደርሷል፤ በ1980 እ.ኤ.አ.ም በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት አግኝቷል። ያን ክረምት እኔ 10ኛ ክፍልን የጨረስኩ ጎረምሳ ነበርኩ። እንጀራ ጋግራ በመሸጥ የምታሳድገን እናቴ ማታ ማታ ቀበሌ ትማራለች፤ እቤት ስትመለስ ደግሞ አስጠኚዋ እኔ ነኝ።

ቶሎ ያዘችው። ሀሁን ከላይ እስከ ታች እንደ ዜማ ታወርደዋለች፤ የመማሪያውን መጽሐፍ ገጾች ሳትደነቃቀፍ ትወጣቸዋለች። ፈተናውን አለፈች፤ ሰርተፊኬቷንም ከማርያም ሥዕል አጠገብ ሰቀለችው። ጎረቤት ቡና ተጠርቶ ተመረቀችልን።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሐረር ወታደር ከነበረው ታላቅ ወንድሜ ደብዳቤ መጣ። እስከዚያ ድረስ የወንድሜን ደብዳቤ የማነብላት እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ግን፣ «ዛሬስ ራሴ ነኝ» ብላ ተቀበለችኝ። ብዙ ቆየች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይወጣም። በመጨረሻ «የልጁ የእጅ ጽሑፍ አስቸጋሪ ነው» ብላ መለሰችልኝ። አንገቷን ደፍታ ነበር።

ማታ ወረቀት ላይ «መ» ብዬ ጻፍኩና ምንድን ነው አልኳት። በለሆሳስ «ሀ፣ ለ፣ ሐ…» ብላ ቆጥራ ደረሰችበት። «ሰ» ስላት እንደገና ከ«ሀ» ተነሣች። ፊደሉን አታውቀውም፤ የምታውቀው የቆመበትን ቦታ ነው። መጽሐፉንም ያነበበችው አልነበረም፤ በቃሏ ይዛው ኖሯል። ጥፋቱ የሌላ የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው። ባስጠናኋት ቁጥር ከ«ሀ» ተነሥቼ እስከ «ፐ» እወርዳለሁ እንጂ አንድ ቀን እንኳ ከመሐል ጀምሬ አላውቅም።

ይህን በሰፈራችን የቄስ ትምህርት ያስተምሩ ለነበሩት የኔታ ነገርኳቸው። አልገረማቸውም። «ዜማውን ነው የያዘችው ልጄ፤ ዓይኗ ፊደሉን ገና አላየውም። አቡጊዳ አስቆጥራት» አሉኝ።

የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሕፃኑ መጀመሪያ ሀሁን በተራ ይቆጥራል። ሲደጋግመው ግን አፉ ዜማውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ዓይኑ ከገበታው ላይ ተነሥቶ ደጅ የሚጫወቱትን ያያል። አቡጊዳ የሚመጣው ያኔ ነው፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። እዚህ ላይ የፊደላቱ ተራ ከሀሁ የተለየ ነው፤ ከዚያም በላይ ግዕዙ፣ ካዕቡ፣ ሣልሱ በየፊደሉ ይለዋወጣል። የለመደው ዜማ አያግዘውም። እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ካላወቀው በቀር ተማሪው አንድ እርምጃ አይራመድም። መልእክተ ዮሐንስም ሆነ ዳዊት የሚጠብቁት ከዚህ ወዲያ ነው። የእኛ ሊቃውንት ካርድ አልቆረጡም፤ ካርድ የሚሠራውን ሥራ ግን ፊደሉን በመበወዝ ሠርተውታል።

ይህን ያስተዋሉት የእኛ መምህራን ብቻ አይደሉም። በ1ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ የጻፈው ሮማዊው የንግግር ጥበብ መምህር ኩዊንቲሊያን ተመሳሳይ ቅሬታ ነበረው። ሕፃናት የፊደላቱን ስምና ተራ አስቀድመው በቃላቸው ከያዙ መልካቸውን ማየት ይተዋሉ፤ ስለዚህ መምህራን ተራውን እያገላበጡና እያደበላለቁ እንዲያስተምሩ ይደግፋል። ከዝሆን ጥርስ የተቀረጹ ፊደላት ለልጆች መጫወቻ ቢሰጡም ደግ ነው ይላል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1693 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአስተዳደግ መጽሐፉ፣ ልጆች ፊደል የተለጠፈበት ዳይስ እየጣሉ እንዲማሩ መክሯል። በ1834 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፋቬል ሊ ሞርቲመር የተባለች እንግሊዛዊት ማንበብ የሚያስተምሩ ካርዶችን አሳተመች፤ የዛሬው ፍላሽ ካርድ ቀዳሚ ነው የሚሉት ብዙዎች ናቸው።

ነገሩን በሙከራ የመረመረው ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ነው። ትርጉም የለሽ የሆኑ 2,300 ያህል ክፍለ ቃላት አዘጋጅቶ፣ ደባልቆ፣ በዕጣ እያወጣ ራሱን በራሱ ፈተነ። በ1885 እ.ኤ.አ. ያወጣው ውጤት የተማሪን ሁሉ ቅስም የሚሰብር ነው፤ ለማጥናት ካወጣው ድካም በ1 ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላዩ፣ በ1 ቀን ሁለት ሦስተኛው፣ በ1 ወር ወደ አራት አምስተኛው ባክኗል። በ1972 እ.ኤ.አ. ሰባስቲያን ላይትነር በጀርመንኛ ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ መድኃኒት ያለውን አቀረበ። ካርዶቹ በተከፋፈለ ሣጥን ይቀመጣሉ፤ የታወቀችው ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ታልፋለች፣ እዚያም በየረጅም ጊዜው ትጠየቃለች፤ የተሳተችው ወደ መጀመሪያው ትመለሳለች።

እኔ ያኔ ከነዚህ ሰዎች የአንዱንም ስም አልሰማሁም። የየኔታን ምክር ብቻ ይዤ የሳሙናና የብስኩት ካርቶን ለቃቀምኩና 33ቱን ፊደላት ከነ7 ዘሮቻቸው፣ በጠቅላላው 231 ካርድ ለማዘጋጀት ተነሣሁ። በእጅ መጻፉ ስለሰለቸኝ ማተም አማረኝ። ድንች ለሁለት ቆርጬ፣ ፊደሉን በምላጭ ቀርጬ፣ በቀለም ነክሬ አተምኩ። «ሀ» አማረልኝ፤ «በ»ም ደህና ነው። «ረ» ላይ ስደርስ ግን ፊደሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወጣ! ማኅተም ተገልብጦ ካልተቀረጸ ቀጥ ብሎ እንደማይታተም፣ ማተሚያ ቤት የሚደረደረው የእርሳስ ፊደልም ሁሉ እንደ መስታወት ምስል የተገለበጠ መሆኑን የተማርኩት በዚያች ድንች ነው። ቀሪዎቹን በእጄ ጻፍኳቸው።

ካርዱን የሠራሁት እኔ ብሆንም ዘዴውን ያገኘችው እናቴ ናት። ካርዶቹን ሰፌድ ላይ ዘርግፋ እንደ እህል ታንገዋልላቸዋለች። ከዚያ አንዱን ታነሣለች። ያወቀችውን ሙዳይ ውስጥ ትጨምራለች፤ ያላወቀችው ሰፌዱ ላይ ይቀራል፣ ነገም ከሌሎች ጋር ይንገዋለላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሙዳዩን ራሱን ትገለብጠዋለች፣ የረሳችው እንዳለ ለማየት። ላይትነር በሣጥን ያደረገውን እርሷ በሰፌድና በሙዳይ አደረገችው። ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ስጠይቃት፣ «ቂጣም ያልተገላበጠ ያራል» አለችኝ። ሌላ ማብራሪያ አልነበራትም፤ አላስፈለገምም።

ኅዳር ላይ ሙዳዩ ሞላ። አንድ ማታ ከደጅ ስገባ እናቴ የወንድሜን ደብዳቤዎች ጭኗ ላይ ዘርግታ አገኘኋት፤ አዲሱን ብቻ ሳይሆን አሮጌዎቹንም። ጣቷ ከአንዱ መስመር ላይ አልተነሣም። ቀና ብላ፣ «ይህንን አላነበብክልኝም» አለች።

እውነቷን ነው። ወንድሜ ከዓመት በፊት እግሩን ቆስሎ ሆስፒታል መተኛቱን ጽፎ ነበር። እንዳትደነግጥ ብዬ ዘልዬዋለሁ፤ ሌላም ቦታ፣ ሌላም መስመር ዘልያለሁ። ለእርሷ አዝኜ ያደረግሁት መሰለኝ። እርሷ ግን አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «ዓመት ሙሉ ለዳነ ልጅ ስጸልይ ከረምኩ፤ ለቆሰለው ማን ጸለየለት?» ብላ ደብዳቤውን አጠፈችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ደብዳቤ አንብቦላት አያውቅም።

ሰው በተራ የያዘውን እንጂ ያወቀውን እንዳልያዘ፣ ሌላ የሚያነብለትም የፈለገውን ያህል ብቻ እንደሚያነብለት ያን ማታ ገባኝ። ማንበብ ማለት ከየትኛውም መስመር መጀመር መቻል ነው።

ዛሬ ነገሩ ቀሏል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ አንዱ ኮምፒዩተር ላይ የተጻፈ አማርኛ ሌላው ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ የሚወጣበት ችግር ተቃሏል። ልጄ አንድ ኤ ፎር ወረቀት ላይ በ2 ዓምድና በ4 ረድፍ 8 ካርድ ታወጣለች። የመጀመሪያ ቀን ግን ስትቆርጣቸው የአንዱ ጥያቄ ከጎረቤቱ መልስ ጋር ተጋብቶ ተገኘ። ወረቀቱ በረጅም ጎኑ ሲገለበጥ የግራው ዓምድ ቀኝ ይሆናልና፣ በጀርባው ገጽ ላይ ዓምዶቹ ቦታ መለዋወጥ ነበረባቸው። የድንቿን «ረ» ታሪክ ነገርኳት፤ ሳቀች፣ አስተካከለችም። ስስ ወረቀት መልሱን ከጀርባ ስለሚያሳይ ወፈር ያለውን መረጠች፤ በአንድ ካርድም ከአንድ ጥያቄ በላይ አትጽፍም።

«ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የለም ወይ?» አልኳት ልፈትናት። «ካርዱን ስሠራው ነው ግማሹን የማውቀው» አለችኝ። የቀረውን ግማሽ ደግሞ መልሱን ሳታይ ራሷን ስትጠይቅ ታገኘዋለች። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ ከመቶ 40 ያህሉን ሲያስታውሱ፣ አንዴ ካነበቡ በኋላ ራሳቸውን ደጋግመው የፈተኑት 61 ያህሉን አስታውሰዋል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ቢጠየቁ ግን የተሻሉት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። እናቴን የቀበሌው ፈተና ያሳለፋት፣ ደብዳቤው የጣላት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

የእናቴ ሙዳይ ዛሬም እኛ ቤት አለ። ከ231ዱ ካርዶች የተረፉት 40 አይሞሉም። ጀርባዋን የሰጠችው «ረ» ግን አለች። እናቴ አልጣለቻትም ነበር፤ ካርዶቹን በወዛ እርሷ ስትወጣላት ፈገግ ትልና፣ «ይቺ የልጄ ናት» ብላ ወደ ሰፌዱ ትመልሳት ነበር።